ቀለም የማይዘልቃት

መርፌ እፈራለሁ። ይህን ስናገር የሚያውቁኝ ሁሉ ይስቁብኛል፤ እንጀራዬ መርፌ ነውና። መቀሌ ሮማናት አደባባይ አጠገብ፣ ጣይባ የምትባል የወሎ ሴት የሐበሻ ልብስ ሱቅ አላት፤ እኔ እዚያ ጥግ ይዤ ጥልፍ እጠልፋለሁ። ጨርቅ ስወጋ እጄ አይንቀጠቀጥም። የሚወጋው የራሴ ቆዳ ከሆነ ግን መርፌው ገና ከማሸጊያው ሳይወጣ በሩን እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ከፋለ «አንቺ መርፌ የምትወጂው በሰው ቀሚስ ላይ ነው» ይለኛል፤ አልዋሸም።

መርፌ ያስያዙኝ አባቴ ናቸው። መሪጌታ ነበሩ፤ መንዝ ውስጥ በተወለድኩበት ሰፈር ልጆችን ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። እኔንም ከወንዶቹ መሀል አስቀምጠው ጀመሩ። ሀሁን በቃሌ እንደ ዘፈን ተወጣሁት፤ አቡጊዳ ላይ ፊደሎቹ ቦታ ሲቀያየሩ ግን ዓይኔ ዞረ፣ ምላሴ ተሳሰረ። ብዙ ታገሡኝ። አንድ ጠዋት ትዕግሥታቸው አለቀና እናቴን ጠርተው፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማ፣ «ይቺን ልጅ ውሰጃት። ቀለም አይዘልቃትም። መርፌ አስይዣት» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚበጀኝን የተናገሩ መስሏቸው ነው። ያቺ ቃል ግን ከሆዴ አልወጣችም። ዛሬም ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብልኝ ከፋለ ነው። «ቀለም የማይዘልቃት ሴት አግብተህ ምን ታደርግ» እያልኩ ቀልዱን ቀድሜ የምጀምረው፣ ሌላ ሰው ሲጀምረው ስለሚያመኝ ነው።

ከፋለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀያሽ ነው፤ ከሸዋ መቀሌ ያመጣን የእሱ ሥራ ነው። ሁለት ሺህ ዘጠኝ ላይ ግራ ጡቴ ውስጥ እብጠት ተገኘ። ካንሰር ነው አሉኝ። ዓይደር ሆስፒታል ገባሁ፣ ጡቴ ወጣ፣ መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ፀጉሬ ረግፎ ተመልሶ በቀለ። ያከመኝ ሐኪም ዶክተር ሃይላይ «ደሓን ነሽ፤ ኣይዞኺ» ብሎ አሰናበተኝ። ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን አለ፤ እኔም አልኩ። ፍርሃቱ ግን አብሮኝ ከሆስፒታሉ በር ወጣ፤ ታክሲ ውስጥም አብሮኝ ተቀመጠ። ጀርባዬን ሲቆርጠኝ ተመለሰ እላለሁ። ሳል ሲይዘኝ ተመለሰ እላለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ለእኔ ነው።

ደረቴ ላይ የቀረው ጠባሳ ከብብቴ እስከ መሀል ደረቴ የሚሄድ አንድ መስመር ነው። የሙያ ሰው ነኝና ስፌቱን አልነቅፍም፤ ቀጥ ያለ፣ ያልተጨማደደ ስፌት ነው። ዓይን የሚያርፍበት ነገር ግን የለውም። ለውጩ መላ አበጀሁ። ከነጠላ ቁራጭ ትንሽ ከረጢት ሰፋሁና ምስር ሞልቼ ጡት መያዣዬ ውስጥ አስገባሁት፤ ጥጥ ይቀልላል፣ ምስር ክብደት አለው። አንድ ክረምት ዝናብ አበስብሶኝ ሱቅ ገባሁ፤ ከረጢቱን ከእርጥቡ ልብስ ጋር ረሳሁት። በኋላ ሳነሳው ምስሩ በቅሏል። ጣይባ «አንች፣ ጡትሽ በቀለ እኮ» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለከፋለ ነገርኩት፤ እሱም ሳቀ።

ለውስጡ ግን መላ አጣሁ። ጠበል መሄድ ተውኩ፤ ሴቶቹ አይተውኝ ዓይናቸውን ሲሰብሩልኝ አልወድም። ቤት ውስጥ ለመስታወቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምለብሰው። ከፋለ ደግሞ ማታ ልብሴን ላወልቅ ስል ብድግ ይልና መብራቱን ያጠፋል። ማየት አስጠልቶት ነው ብዬ ደመደምኩ። አልጠየቅኩትም፤ መልሱን ፈራሁ። እንዲህ እያልን በጨለማ እየለበስን በጨለማ እያወለቅን ኖርን።

ከጣይባ ሱቅ ቀጥሎ ኣምለሰት የምትባል የመቀሌ ልጅ የውበት ሳሎን አላት። ቅንድብ ትነቅሳለች። ሴቶቹ ቅንድብ ሳይኖራቸው ይገቡና የተቆጣ ሰው ቅንድብ ይዘው ይወጣሉ። አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ሻይ ስንጠጣ፣ ለቀልድ ያህል፣ «ኣምለሰት፣ ቅንድብ የምትሠሪ ጡት አትሠሪም ወይ?» አልኳት።

አልሳቀችም። ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እትየ፣ በስልክ ኣይቻለሁ እኮ። ውጭ ኣገር ይሠሩታል። የጡቱን ጫፍ፣ ዙርያውን፣ ልክ የእውነት እስኪመስል። እኔ ግን ሠርቼ ኣላውቅም» አለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ፎቶው ላይ ያለችው ፈረንጅ የእኔው ዓይነት ጠባሳ አላት፤ ጠባሳው መሀል ላይ ግን ክብ፣ ቡናማ፣ ጫፍ ያለው ጡት ተስሏል። ብዙ አየሁት። ካየሁ በኋላ ነው ጠባሳውን ልብ አለማለቴን ያወቅኩት። ዓይኔ የሚያርፍበት አግኝቶ አርፎ ነበር። እኔም እፈልጋለሁ አልኩ፤ ይህን ባልኩበት ቅጽበት ፍርሃቱ ተነሣብኝ።

ጣይባ ሰማችና ከንፈሯን መጠጠች። «በእኛ ንቅሳት ሐራም ነው። አላህ የፈጠረውን መለወጥ ነው» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «አንች ግን የተወሰደብሽን ልትመልሽ ነው። እኔ ሼህ አይደለሁም፤ እጅሽን እይዝልሻለሁ» አለች። እኔም በበኩሌ እናቴ ግንባሯ ላይ መስቀል ተነቅሳ እንደነበር አስታወስኩ። እግዜር የእናቴን ግንባር ካልጠላ የእኔን ደረት አይጠላም አልኩ። ለከፋለ አልነገርኩም። ተበላሽቶ ቢያየው ምን ልል ነው?

ኣምለሰት ለሥራዋ ጠንቃቃ ናት። ጠባሳው ዓመት ካለፈው እንደሚሆን ነገረችኝ፤ ብርቱካን ገዝታ መለማመድ ጀመረች። ሳሎኗ ስገባ መደርደሪያው ላይ የጡት ጫፍ የተነቀሰባቸው ብርቱካኖች ተደርድረው አየሁ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ወደ ጎን ያዘነበለ። ጣይባ አንዱን አነሣችና «ሐራሙ ልጣጩ ላይ ነው» ብላ መላጥ ጀመረች። ላጠችውና ቆም አለች። ቀለሙ ልጣጩን አልፎ የብርቱካኑ ሥጋ ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል። «ይሄስ ውስጥም ገብቷል» ብላ አስቀመጠችውና ያልተነቀሰ ፈልጋ በላች። ሦስታችንም ስቀን አለፍነው።

ቀለሙን ለመምረጥ ቀኙን ጡቴን ማሳየት ነበረብኝ። አፍሬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ኣምለሰት ቡናማውን ከጥቁሩ፣ ጥቁሩን ከቀዩ እየቀላቀለች በእጄ ጀርባ ላይ እየቀባች ከጡቴ ጋር ስታስተያይ ቆየች። በመጨረሻ የተቆላ ተልባ የሚመስል ቀለም ወጣላት። ከጆሮዬ ጀርባም አንዲት ነጥብ ወግታ ቆዳዬ ይቆጣ እንደሆነ ለማየት አቆየችኝ። አልተቆጣም። እኔ እንዲቆጣ እየጸለይኩ ነበር፤ ምክንያት እንዳገኝ።

ጥምቀት እንዳለፈ ቀኑ ደረሰ። እንዳዘዘችኝ ቁርስ በልቼ፣ ገላዬን ታጥቤ፣ ቅባት ሳልቀባ፣ ከፊት የሚከፈት ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልመለስ ዞርኩ። የምፈራው ሕመሙን ብቻ አልነበረም። ያ ቦታ አንድ ጊዜ ሞት የገባበት በር ነው፤ ተዘግቷል ብለውኛል። አሁን በመርፌ ልቆረቁረው ነው። ብቀሰቅሰውስ? ኣምለሰት የመርፌውን ማሸጊያ ፊት ለፊቴ ቀደደች፣ ጓንት አጠለቀች፣ በሩን ቆለፈች፣ መጋረጃውን ጎተተች። ጣይባ እጄን ይዛ በለሆሳስ ዱዓዋን ጀመረች።

ማሽኑ ንብ ይመስል ጮኸ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ፤ ምንም አልተሰማኝም። «ጀምሪያ» አልኳት። «ጀምሬኣለሁ እኮ፣ እትየ» አለች። ጠባሳው ዙሪያ ያለው ቆዳ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ደንዝዟል። ሰው ሥጋዬን ሲወጋ አለማወቄ ከሕመም ይልቅ አስፈራኝ፤ የሞተ ቆዳ ተሸክሜ የምዞር መሰለኝ። ከዚያ መርፌው ትንሽ ወደ ላይ ሲል ያልሞተ ቦታ አገኘ። ጩኸቴን ጣይባ በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።

ክቡ ግማሽ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ዝም አለ። መብራት ጠፋ። ጠበቅን፤ አልመጣም። ደረቴን ዝቅ ብዬ ሳይ ግማሽ ክብ ብቻ ነው ያለው። ኣምለሰት «ነገ ትመለሻለሽ?» አለችኝ። ራሴን አውቃለሁ፤ ከዚያ በር ከወጣሁ በሬ ቢጎትተኝ አልመለስም። ይህንኑ ነገርኳት። ከንፈሯን ነክሳ አሰበችና፣ «እናቴ ድድ ትነቅስ ነበር፣ በእጅ። እኔም እችላለሁ፤ ግን ኣጥብቄ መውጋት ኣለብኝ» አለች። መጋረጃውን በስሱ ገለጥ አድርጋ በመስኮቱ ብርሃን አዲስ መርፌ ያዘች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእሷ መፍራት የእኔን አባሰው።

«ስሚኝ» አልኳት። «ጥልፍ ነው ብለሽ ያዢው። ስትወጊ ቀጥ አድርገሽ፣ ስታወጪ በዚያው መንገድ። ወደ ጎን አትሳቢ። የምትወጊውን ነጥብ እንጂ ቀሚሱን በሙሉ አትዪ።» እጇ ረጋ አለ። እንዲህ አድርጌ የሚወጋኝን ሰው ራሴ አሠለጠንኩ። ግማሹን በእጅ ጨረሰችው፤ በእጅ ያለው ከማሽኑ ይልቅ ጠልቆ ይሰማ ነበር። ሲያልቅ ጣይባ እጇን ከእጄ አላቅቃ ጣቶቿን አፍታታች። «እኔን ነው የነቀሳችሁኝ» አለች።

የመዳኑ ጊዜ ከመርፌው ባሰብኝ። በለብታ ውሃና በሳሙና ቀስ አድርጌ ማጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሳልፈትግ ማድረቅ፣ ቅባቱን በስሱ መቀባት፣ በጀርባ መተኛት፣ ቢያሳክክም አለማከክ። የምስር ከረጢቴን ማድረግ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በወፍራም ነጠላ ተከናንቤ ዋልኩ። ለከፋለ ብርድ መትቶኛል አልኩት። ዝንጅብል አፍልቶ አመጣልኝ፤ እየጠጣሁ አፈርኩ።

አንድ ቀን ዙሪያው ቀላ፣ ሞቀ። መርዞ ነው ብዬ ክው አልኩ። ዓይደር ካሉት መድኃኒት ቤቶች አንዱ ገብቼ፣ ሴት ፋርማሲስት እስክትመጣ በር ላይ ቆሜ ጠብቄ፣ ቅባት ገዛሁ። መቅላቱ በረደ። ከዚያ ቅርፊቱ መርገፍ ጀመረ፤ ከቅርፊቱም ጋር ቀለሙ እየተላጠ ነጠላዬ ላይ ቀረ። ከሥሩ የታየው የገረጣ፣ የደበዘዘ ነገር ነው። ሳሎኗ በር ላይ ቆሜ ለኣምለሰት «ይኸው፣ እኔን ቀለም አይዘልቀኝም አላልኩሽም?» ብያት አለቀስኩ። አባባሉ አልገባትም፤ «ጽንሒ፣ እትየ፤ ታገሺ፤ ከታች ኣለ፣ ይወጣል» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ዓቢይ ጾም ሲጋመስ ቀለሙ ጠራ። አንድ ቀን ከፋለ ለመስክ ሥራ ወደ ዓድዋ መንገድ ሄዶ ብቻዬን ስሆን፣ በጠራራ ብርሃን ፊቴን ወደ መስታወቱ አዙሬ ቆምኩ። ሁለት ጡት ያላት ሴት አየሁ። አንዱ ጠፍጣፋ ነው፤ ቢሆንም ጡት ነው። ደስ አለኝ። እዚያው ቆሜ እንደ ልጅ ሳቅኩ። ለፋሲካ ለከፋለ አሳየዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ፋሲካ ሳይደርስ፣ አንድ ጠዋት ሱቅ ውስጥ ቀሚስ ልሰቅል ግራ እጄን ሳነሣ ብብቴን ቆረቆረኝ። በጣቴ ዳሰስኩት። ባቄላ የሚያህል ጠንካራ ነገር አለ። ቀሚሱ ከእጄ ወደቀ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጣይባ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ እጇን ይዤ ብብቴ ሥር አስገባሁት። ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። ቶሎ መለሰችው፤ እኔ ግን አይቻለሁ። «ንቅሳቱ ነው» አልኳት። «ቆርቁሬ ቀሰቀስኩት። ተኝቶ የነበረውን በመርፌ ቀሰቀስኩት።»

«አብሽሪ» አለችኝ። «ሱቁን እዘጋለሁ፤ እንሄዳለን።»

ዓይደር ስንደርስ ወንበሩ፣ ሽታው፣ ሰልፉ ሁሉ እንደነበረ ነው። ዶክተር ሃይላይ ካርዴን አየ፣ ደረቴን አየ፣ ካርዴን ደግሞ አየ። «ወይዘሮ የትምወርቅ፣ የወጣው ግራው ኣልነበረም?» አለ። ጎንበስ ብሎ አስተዋለና ፈገግ አለ። «ማን ነው የሠራው? እጁ ጎበዝ ነው።» ከዚያ ጣቶቹ ብብቴ ላይ ደረሱ፤ ፈገግታው ጠፋ። ያ ፈገግታ ሲጠፋ ማየት የመጀመሪያውን ቀን መልሶ አመጣብኝ።

«በንቅሳቱ ነው አይደል?» አልኩት።

«ንቅሳት ካንሰር ኣያመጣም። ብብትሽ ውስጥ ያኔ የተውናቸው ጥቂት ዕጢዎች ኣሉ፤ ኣንዱ ኣብጧል። ካንቺ ታሪክ ጋር ዝም ብለን ማለፍ ኣንችልም። ኣውጥተን እንመርምረው» አለ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሐኪም ሲለሳለስ እፈራለሁ።

የሚወጣበት ቀን ብብቴን ብቻ አደነዘዙና ፊቴን በአረንጓዴ ጨርቅ ሸፈኑት። አላመመኝም። የመቀሱን ድምፅ፣ የነርሷን እርምጃ እሰማ ነበር። ከዚያ መቀሱ ቆመ። ዶክተሩ በዝግታ፣ ለነርሷ ብቻ፣ በትግርኛ፣ «ጸሊም እዩ» አለ። እሷም «ኩሉ?» አለችው። «ኩሉ» አላት።

ትግርኛ የማላውቅ መስሏቸው ይሆናል። መቀሌ ስንት ዓመት ኖሬ ጸሊም ጥቁር ማለት መሆኑን አጥቼው ነው? ጥቁር ነው፣ ሁሉም ጥቁር ነው። ጨርቁ ሥር ዓይኔን ከፍቼ አረንጓዴውን እያየሁ ሞቴን ሰማሁ። ጨርቁን ሲያነሱልኝ ዶክተሩ «ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ውጤቱ ሲመጣ እንነጋገራለን» አለ። ምን አየህ ብዬ አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም። ይህን ካልነገረኝ የማይነገር ነገር ነው አልኩ።

ውጤቱ እስኪመጣ የነበረውን ጊዜ እንዴት እንዳለፍኩት እንጃ። ለከፋለ አሁንም አልነገርኩትም። ምግብ አፌ ውስጥ ጭቃ ሆነ። የጀመርኩትን የሙሽራ ቀሚስ ማን እንደሚጨርሰው ለጣይባ ተናዘዝኩላት፤ የትኛው ክር ከየትኛው እንደሚሄድ ሳይቀር። «አፍሽን ያዥ፣ ወላሂ አልሰማሽም» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እኔ በበኩሌ ደረቴን እያየሁ እረግም ነበር። ዓይኔ እንዲያርፍበት ያስሳልኩት ነገር አሁን የጥቁሩ ማኅተም መሰለኝ።

አንድ ምሽት ከእራት በኋላ ልብሴን ላወልቅ ስል ከፋለ እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ ወደ መብራቱ ማብሪያ ሄደ።

«ተወው» አልኩት። «ዛሬ አታጥፋው።»

እጁ ማብሪያው ላይ ቀረ። ቀሚሴን ከፈትኩ። የሚሸሽ መስሎኝ ዓይኑን ዓይኑን አየሁት። አልሸሸም። ቀረብ አለ፣ መነጽሩን አስተካከለ፣ ብዙ አየ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ ከልቡ፣ «በቀለ እንዴ?» አለ።

ያን ሁሉ ፍርሃት ተሸክሜ ሳቅ አመለጠኝ። «ምስር መሰለህ?» አልኩት። «ንቅሳት ነው።» በጣቱ ጫፍ ነካው፤ ደንዝዞ ስለሆነ አልተሰማኝም፤ ሲነካው ግን አየሁ። «ለምን ደበቅሽኝ?» አለኝ። «አንተስ ለምን መብራት ታጠፋለህ?» አልኩት። ፊቱ ላይ የታየውን መገረም አልረሳውም። «አንቺ መታየት ስለምትፈሪ ነዋ» አለ። «እኔ ደግሞ አንተ ማየት ስለምትፈራ መስሎኝ» አልኩት። ሁለት ፈሪዎች በአንድ ማብሪያ ሲተዛዘኑ ኖረናል።

ከዚያ የብብቴን ፋሻ አሳየሁትና «ጸሊም እዩ» የተባለውን ነገርኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እግሩን መሬት ላይ ሲያደላድል አየሁት፤ ቆሞ እንዳይወድቅ የሚጠነቀቅ ሰው ይመስል ነበር። «አብረን እንሄዳለን» አለ። ያን ሌሊት መብራቱ እንደበራ ተኛን፤ እኔ እንዲያውም አልተኛሁም።

የተጠራን ቀን በሚኒባስ ስንሄድ ከፋለ እጄን አልለቀቀም፤ በአደባባይ እጅ የሚይዝ ሰው አልነበረም። ዶክተር ሃይላይ በሩ ድረስ መጥቶ ሲቀበለን ልቤ ፍስስ አለ። ለሚሞት ሰው ነው በር ድረስ የሚመጣው አልኩ። ተቀመጥን። እሱም ተቀመጠ።

«ካንሰር የለም» አለ።

አልሰማሁትም። ማለቴ፣ ድምፁን ሰማሁ፤ ቃሉ ግን አልገባኝም። ከፋለ «እንዴት? ጥቁር ነው ተብሎ የለ?» አለ።

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «ሰምተሻል ማለት ነው? ይቅርታ ኣድርጊልኝ፤ መናገር ኣልነበረብኝም። ጥቁር ነበር፣ እውነት ነው። ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ሳላረጋግጥ ተስፋ መስጠት ፈራሁ። ጥቁሩ በሽታ ኣይደለም፣ ቀለም ነው። የንቅሳትሽ ቀለም። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ይለቅመዋል፤ ይሄንንም ለቅሞ ብብትሽ ውስጥ ኣከማቸው። ጠለቅ ብሎ የተወጋ ቦታ ነበር መሰለኝ፤ ቀለሙ ከቆዳሽ ዘልቆ ገብቷል።»

ከፋለ ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። ተያየን። ብርቱካኑ ትዝ አለኝ፤ የኣምለሰት እጅ፣ የመስኮቱ ብርሃን፣ ያስተማርኳት አወጋግ ትዝ አለኝ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጠዋት፣ የሳቁ ልጆች፣ ከመሀላቸው ያለችው ትንሽ ልጅ ትዝ አለችኝ።

«ዶክተር» አልኩ። «ይቅርታ፣ ቀለሙ ምን አደረገ ነው ያሉት?»

«ዘለቀ» አለ ግራ እየተጋባ። «ቀለም ዘልቆሻል። ኣማርኛዬ ተሳሳተ እንዴ?»

ከፋለ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር፤ ይሳቅ ያልቅስ አላወቅኩም። የእኔ እንባ ግን ጉንጬን አልፎ ደረቴ ላይ ይወርድ ነበር።

«አልተሳሳተም» አልኩት። «የተሳሳቱት አባቴ ናቸው።»